አስር ያርድ

ሊግ አልነበረንም፤ በማንም ሰንጠረዥ ስማችን አልሰፈረ፣
ከቂርያት ጋት ወጣ ብሎ፣ ጥጥ ከተለቀመ ማሳ ዳር፣
የአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ቡድን፣ የመጣውን ሁሉ የሚገጥም ነበረ፣
ጌታም ሎሌም የሌለው፣ በገዛ ላቡ የሚያድር።

ዘመኑ ዘጠና ስድስት። ከዳስ በዓል እስከ ሐኑካ፣
ሰባት ዓርብ፣ ሰባት ግጥሚያ፣ ሰንበት ሳትገባ በቀትር፤
አሰልጣኛችን ሞርተን፣ የሒሳብ መምህር ከአሜሪካ፣
ጉልበቱን እያሻሸ፣ ግማሽ በቋንቋ ግማሽ በእጁ የሚናገር።

የግቡን ቋሚ ከመስኖ ቧንቧ፣ መስመሩን በኖራ ሠራን፤
ዝናብ ሲጥል የእግር ኳሱ ክብ ከሥር ተመልሶ ይታያል።
የራስ ቁር አስራ አራት ብቻ፤ ወጪው ለገቢው እያቀበለን፣
የሰው ላብ ያጠለቀ ሰው የሰውየውን ሐሳብ ያስባል።

እኔ አልተጫወትኩም።
አጥንቴ ቀጭን፣ መነጽሬ ወፍራም፤
ሰንሰለት ያዥ ነበርኩ፤ በዚህ ደግሞ ማንም አይቀናም።
በሁለት እንጨት መሐል አስር ያርድ፣ ለመሄጃው አራት ዕድል፤
ካልደረስክ ኳሱ የሰው ነው፣ አንተም ወደ መከላከል።

ሰንሰለቱን ቫዲም ቆረጠው፣ የትራክተር ጠጋኙ፤
«አስር ያርድ ስንት ሜትር ነው?» «ዘጠኝ ምናምን» አለው አሰልጣኙ።
ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ፣ በዓይኑ ሰፈረና
ቀጭ አደረገው።

እናቴ ከበረንዳው ሆና የእኔንና የይስማውን ወሬ አዳምጣ፣
«አስር ያርድ?» አለች፣ «ማነው የሚያርደው? የምን በዓል ሊመጣ?
ደግሞ አስር! ቄሱስ ሰምተዋል?»
ሳቃችን ሲያልቅ ኳሱን ብናሳያት፣ አገላብጣ በጥፍሯ መታ አድርጋ፣
«ይሄማ እንቁላል ነው፤ ምን ያስቸኩላችኋል?
ቀስ በሉ፣ በእግሩ ይሄድላችኋል።»

አልሄደም ያን ሰሞን።
የኢየሩሳሌም የሺቫ ልጆች፣ የጸሎት ክራቸው ከማልያው ሥር እየተርገበገበ፣
በመጀመሪያው ዓርብ ረመረሙን።
ሐይፋ ወደብ የቆመች መርከብ ወታደሮቿን ላከችብን፣
አርባ ሁለት ለባዶ፤ ሲያበቃ ቀዝቃዛ ውሃ አካፈሉን።
አንዱ ጥቁር መርከበኛ ይስማውን ትክ ብሎ አይቶ
«ከየት ነህ?» ቢለው፣ «ከቂርያት ጋት» አለው።
«ከዚያ በፊትስ?»
ይስማው የጫማውን ክር ፈታ፤ መልሶ አሰረው።

ከኪቡጽ ፈቃደኞች ጋር እኩል ወጣን። አንድ ቀን ብቻ፣ በጭቃ፣
ማን የማን እንደሆነ ማልያው ሳይለይ፣
የኤምባሲ ዘበኞችን ስድስት ለሁለት አሸነፍን፤
ሞርተን ኮፍያውን ወረወራት ጥጡ ማሳ ላይ፣
እስካሁን ሳትገኝ እዚያው ናት።

ሰባተኛው ዓርብ፣ እነዚያው የሺቫዎች፣ በአራት ነጥብ እየመሩን፣
ሰንበት ልትገባ ነውና ሰዓታቸውን እያዩ።
ፀሐይዋ ከእህል ጎተራው ጀርባ ዘንበል አለች። የመጨረሻው ዕድል፣ አራተኛው።
ይስማው ሦስት ሰው በጀርባው ተሸክሞ ሄደ፣ ሄደ፣ ወደቀ።
ጠሩኝ።
ሰንሰለቱን ወጠርኩት፤ ሜዳው ሁሉ ዝም።
ስንዝር ጎደለ። በአውራና በሌባ ጣቴ አሳየሁ፣ ቃል አልወጣኝም።

ዘንድሮ መጋዘኔን ሳጸዳ አገኘሁት፣ ዝገት በልቶት፤
በብረት ሜትር ለካሁ፤ ተንበርክኬ ደግሜ ለካሁት፤
ክንድ ሙሉ ትርፍ አለበት።

ሞርተን ካረፈ ቆይቷል። ቫዲም የት እንዳለ አላውቅ።
ይስማው ጋ ደወልኩ፤ አሽዶድ አውቶቡስ ይነዳል።
«ደርሰህ ነበር» አልኩት። ከጀርባው የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።
«ያሸነፍን ዕለትስ፣» አለ ቆይቶ፣ «ያኔም ክንድ ጨምረን ነዋ የሄድነው?
ሰው እየጠበቀኝ ነው።»
ዘጋው።

ሰንሰለቱን በረንዳው ላይ ስጎትት፣ እናቴ ካልጋዋ ሰማችው፤
ዓይኗ ፈዟል፣ ጆሮዋ ግን የድሮው ነው።
«እስካሁን አላረዳችሁም?» አለችኝ።